የአክስቴ የምግብ ጦማር በፍለጋ እንዲገኝ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 2017

ኅዳር 18

ሥራው ይህ ነው፦ አክስቴ የሚያውቋቸውን የምግብ አሠራሮች በጽሑፍ ጦማር ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሰው ጉግል ላይ ሲጠይቅ እንዲያገኛቸው ማድረግ። ጦማሩ ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ተከፍቷል፤ የዶሜይን ስሙም፣ ማለትም የጣቢያው ዋና አድራሻ፣ ተገዝቷል። ማስታወሻውን የምይዘው ጦማር ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት እንዲያዩ ነው።

አክስቴ ቴሌግራም ላይ ተከታዮች አሏቸው። እስካሁን ያቀረቡት ሁሉ ግን ሥዕል ነው፦ የምግቡ ፎቶ፣ በላዩ ላይ በነጭ ፊደል የሰፈረ የዱቄት፣ የእርሾና የዘይት መጠን። ለዓይን ያምራል። የፍለጋ ሞተር ግን ገጽን የሚመዝነው በዋነኛነት በተተየበው ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ ከፎቶው ጋር ከተጣበቀ የገጹ ቃል ሆኖ አይቆጠርለትም። ይህ የአክስቴ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የግብርና ምክር፣ የጤና ትምህርት፣ የሕግ ማብራሪያ፣ በአማርኛ የሚዘጋጀው ስንቱ ነገር በፖስተርና ስካን በተደረገ ወረቀት ውስጥ ተዘግቶ ቀርቷል! ጠያቂው አለ፣ መላሹም አለ፤ የሚያገናኛቸው ጽሑፍ ነው የጠፋው። ይህን ሥራ የጀመርኩት በዚህ ቁጭት ነው።

ኅዳር 21

አክስቴ ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ በቢሮ ኮምፒውተር የተየበላቸውን ፋይል በፍላሽ አምጥተው ሰጡኝ። ስከፍተው የላቲን ፊደላት፣ የቅንፍና የሰረዝ ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። ፋይሉ አልተበላሸም። ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያውቋቸው የሚያደርገው ዩኒኮድ የተባለው ደረጃ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲንን ፊደላት ቦታ ተውሰው በፎንቱ አማካይነት ብቻ የአማርኛ መልክ ያለብሷቸው ነበር። ፎንቱ ከሌለ ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል፤ የፍለጋ ሮቦትም (ለፍለጋ ሞተሩ ገጾችን እየዞረ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚያነበው ያንኑ ነው።

የቆየ የአማርኛ ሰነድ ይዛችሁ ወደ ድረ ገጽ ልታወጡ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ይሁን። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። የእኛው ፋይል ትንሽ ስለሆነ እንደገና ለመተየብ ወስኛለሁ፤ እየተየብኩ አክስቴን ስለምጠይቅ የጎደለው ሁሉ ይሟላል።

ኅዳር 24

ከጽሑፍ በፊት በሩ መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዎርድፕሬስ ውስጥ «ሪዲንግ» በሚለው የማስተካከያ ገጽ ግርጌ የፍለጋ ሞተሮች ጣቢያውን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ሳጥን አለች። ጦማሩን ያቋቋመልን ባለሙያ ግንባታው እስኪያልቅ ብሎ ምልክት አድርጎባት ነበር፤ ዛሬ ምልክቱን አነሣሁ። ሳጥኗ ምልክት እንዳለባት ከቀረች የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ «ሮቦትስ» የተባለውን ፋይል አየሁ። ይህ ስምምነት ማርቲን ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1994 ካቀረበው ሐሳብ የመጣ ሲሆን ሮቦቶች የት መግባት እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ጀማሪዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፋይሉ ሮቦቱ ገጹን እንዳያነብ ይከለክላል እንጂ ገጹን አይደብቅም። ሌላ ጣቢያ ሊንክ ካደረገበት አድራሻው ብቻውን በውጤት ውስጥ ሊታይ ይችላል። መደበቅ ያለበት ነገር በይለፍ ቃል ይዘጋል።

የገጾች ዝርዝር ማለትም ሳይትማፕ ዎርድፕሬስ ከ5.5 እትሙ ጀምሮ በራሱ ያዘጋጃል። አድራሻውን ሰርች ኮንሶል ላይ አስገባሁ። ሰርች ኮንሶል ጉግል ለባለ ድረ ገጾች በነጻ የሚሰጠው መከታተያ ነው፤ የጣቢያው ባለቤት መሆንን ለማረጋገጥ በዶሜይኑ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ መጨመር ይበቃል። ለጀማሪ ከየትኛውም የሚከፈልበት መሣሪያ በፊት ይህ ይቀድማል፤ ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው ገጻችሁን እንዳዩት የሚነግራችሁ ራሱ ጉግል ነውና።

ታኅሣሥ 2

የአድራሻ ነገር። ዎርድፕሬስ ከልጥፉ ርዕስ ተነሥቶ የገጹን አድራሻ በራሱ ይሠራል። የአማርኛ አድራሻ የተፈቀደ ነው፣ ጉግልም ያነበዋል። ችግሩ ሲቀዳ ነው። አሳሹ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። አንድ የግዕዝ ፊደል ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት 3 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «ሀ» ብቻዋን 9 ምልክት ትፈጃለች።

ዎርድፕሬስ ለዚህ የአድራሻ ክፍል የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። «ድፎ ዳቦን በቤት ውስጥ በኮባ ቅጠል የመጋገር ዘዴ» የሚለውን ርዕስ ሞከርኩት፤ «የመጋገር» ላይ ሲደርስ «ር» አልገባ አለና «ዘዴ»ም ወደ ውጭ ቀረ። ከዚህ በኋላ አድራሻውን በእጄ እጽፋለሁ፦ «ድፎ ዳቦ» የሚሉት ሁለት ቃላት በላቲን ፊደል፣ በመካከላቸው አጭር ሰረዝ። ሰረዙን የመረጥኩት ጉግል ቃላትን ለመለየት ከግርጌ መስመር ይልቅ እርሱን ስለሚመክር ነው። አማርኛውን ርዕሱና ጽሑፉ ይሸከሙታል። አንድ ጊዜ የወጣ አድራሻ ደግሞ አይነካካም፤ የግድ መቀየር ካለበት ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ ይተከልለታል።

ታኅሣሥ 9

የመጀመሪያው እውነተኛ ልጥፍ፣ ድፎ ዳቦ። የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ስለሚውል ገጹ ተነቦ እስኪመዘገብ ጊዜ ያስፈልገዋል። የበዓል ጽሑፍ በበዓሉ ዋዜማ ቢወጣ ፈላጊው አልፎ ይሄዳል።

በቴሌግራሙ ሥዕል ላይ የነበረው መጠን ብቻ ነው። ሰዎች ግን መጠን ብቻ አይጠይቁም። የቻናሉን አስተያየቶች ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ለጀማሪ ጦማሪ ከዚህ የተሻለ የቃላት ምንጭ የለም፤ ሰው በራሱ አንደበት የጠየቀው ነውና። አሜሪካ ያሉት ስለ ኮባ ይጠይቃሉ። ዱባይና ቤይሩት የሚሠሩ እህቶች ምጣድ ስለሌላቸው በጋዝ ምድጃ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ብዙዎች ደግሞ ዳቦው ከላይ ቀልቶ ከውስጥ ሊጥ የሚሆንባቸው ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።

«እትዬ፣ ኮባ የሌለው ሰው በምን ይተካው?» አልኳቸው።

«ኮባው ሊጡ እንዳይያዝ ነው፣ መዓዛውም ይገባበታል። የሙዝ ቅጠል ካገኙ እሱን ያንጥፉ። እሱም ከሌለ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል፤ መዓዛው ግን ይቀራል በያቸው፣ ልጄ፣ ሰው አይታለል።»

«ከውስጥ ሊጥ የሚሆንባቸውስ?»

«እሳቱ ከላይና ከታች እኩል ሲሆን ነው ድፎ የሚበስል። እነሱ ከላይ አንድደው ይቸኩላሉ። ቀስ ይበል። ደግሞ ሊጡ ኩፍ ሳይል ያስገቡታል። ቢላዋ ወግተሽ ስታወጪው ሊጥ ካልያዘ በስሏል።»

እነዚህ መልሶች በየትኛውም ሥዕል ላይ አልነበሩም። ለእያንዳንዳቸው ንዑስ ርዕስ ሰጠሁ፦ «ኮባ በሌለበት አገር ድፎ ዳቦ መጋገር»፣ «ድፎ ዳቦ በኦቭን»፣ «ድፎ ዳቦ ከውስጥ ሊጥ የሚሆነው ለምንድን ነው»። በኦቭን ለሚጋግሩት ከ180 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያሳልፉ ጻፍኩ፤ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ አዝሙዱ መቼ እንደሚገቡም ተጨመረ። ንዑስ ርዕሶቹን ፊደል በማድመቅ ብቻ አልሠራኋቸውም፤ በአርታኢው ውስጥ ካለው የርዕስ ምድብ ሁለተኛውን ደረጃ መርጬ ነው። የገጹ ዋና ርዕስ አንደኛውን ደረጃ ይዟል። ይህ ቅደም ተከተል ለሮቦቱም፣ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍ ለሚያነብላቸው ፕሮግራምም ገጹን ያስረዳል።

የኤስኢኦ፣ ማለትም ገጽን በፍለጋ እንዲገኝ የማድረግ ሥራ፣ ዋናው ነገር ለእኔ ይህ የታኅሣሥ 9 ሥራ ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ አጋዥ ነው።

ታኅሣሥ 11

የፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየው ርዕስ። ስክሪን ጠባብ ነው፣ የግዕዝ ፊደልም ሰፋ ይላል፤ ረጅም ርዕስ ከኋላ ይቆረጣል። ስለዚህ «ውድ ተከታታዮቻችን እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ» የመሰለው መግቢያ ከርዕስ ወጥቶ ወደ ጽሑፉ ገባ፤ ርዕሱ «የድፎ ዳቦ አሠራር በኮባ፣ በምጣድና በኦቭን» ሆነ። ከርዕሱ ሥር የምትታየው አጭር መግለጫ ደረጃ አታሻሽልም፤ ጉግልም ሲፈልግ በሌላ ይተካታል። ሆኖም አንባቢው ልክፈተው አልክፈተው ብሎ የሚወስነው እርሷን አይቶ ስለሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ጻፍኩ።

«ኪይወርድስ» (ቁልፍ ቃላት) የሚለውን የኮድ መስክ ባዶ ተውኩት። ጉግል ለድረ ገጽ ፍለጋ ደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በግልጽ ተናግሯል፤ ዛሬም ድረስ ጀማሪዎች በቃላት ሲሞሉት አያለሁ።

ጥር 7

ሰርች ኮንሶል መናገር ጀመረ። ዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ጥያቄ በተለያየ ፊደል ተጽፎ በየራሱ መስመር ተቀምጧል፦ «አሠራር» እና «አሰራር»፣ «ድፎ ዳቦ» እና «ድፎዳቦ»። በላቲን ፊደል የተጻፈም አለ፤ ከውጭ አገር የሚመጣው በተለይ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በብዙ ኪቦርዶች ላይ «ሰ» በአንድ ንክኪ ይወጣል፣ «ሠ» ተጨማሪ ንክኪ ይፈልጋል፤ የቸኮለ ሰው ቅርቡን ይነካል።

ታዲያ የትኛውን እንጻፍ? ሁሉንም በየዓረፍተ ነገሩ መደርደር ጽሑፉን ያበላሻል፤ ጉግልም ቃል ማጨቅን እንደ ማታለል ያየዋል። የወሰንኩት እንዲህ ነው፦ ዋናው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ አጻጻፍ ይከተላል፣ እኔ «አሠራር»ን መርጫለሁ። ከገጹ ግርጌ «የአንባቢዎች ጥያቄዎች» የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ሰዎቹ የጠየቁት እነርሱ በጻፉት ፊደል ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ሌላው አጻጻፍ ሳይገደድ ቦታውን ያገኛል፣ የጠያቂውም ቃል ይከበራል። ለላቲኑ ፈላጊ የገጹ አድራሻ ያግዛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ገጹ የአማርኛ መሆኑን በኮድ ማመልከት ለአሳሾችና ለማንበቢያ ፕሮግራሞች ይጠቅማል። ጉግል ግን ቋንቋን የሚለየው ከሚታየው ጽሑፍ ነው። ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ገጽ ለማንም አይመችም።

ጥር 15

ፎቶዎች። የአክስቴ ልጅ በስልኩ የሚያነሣቸው ፎቶዎች ብዙ ሜጋ ባይት ይመዝናሉ፤ በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው በየፎቶው ገንዘቡን ይከፍላል። ስፋታቸውን ለስልክ ስክሪን በሚበቃ መጠን ቀንሼ፣ ዌብፒ ወደሚባለው ዓይነት ለውጬ ጫንኳቸው፤ በዓይን የሚለይ ልዩነት የለም። ስማቸውም ካሜራው ከሚሰጠው ቁጥር ወደ ምግቡ ስም ተቀየረ። ለእያንዳንዱ ፎቶ አማራጭ ጽሑፍ ተጻፈ፦ «በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ የተቀመጠ ድፎ ዳቦ»። ይህን ጽሑፍ ማየት የተሳነው ሰው ይሰማዋል፤ የፎቶ ፍለጋም ይጠቀምበታል።

ጉግል የገጹ ትልቁ አካል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። የእኛን ያዘገየው ከፎቶዎቹ ሌላ ለውበት የተጨመረው የአማርኛ ፎንት ነበር። አወጣሁት። አንድሮይድ ስልክ የራሱ የኖቶ ፎንት አለው፣ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ፎንት ይዞ ይመጣል፤ ጽሑፉ ያለ ተጨማሪ ፎንት ጥርት ብሎ ይነበባል።

ጥር 23

ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 17 ይገባል፤ 55 ቀን ሙሉ ሰው የጾም ምግብ ይፈልጋል። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለሚገባ የሳምቡሳ ገጽ ለሁለቱም ይሆናል። አሁን ካልወጣ ጊዜው ያልፋል።

«የጾም ምግቦች» የሚል አንድ ሰፊ ገጽ ለመጻፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ትላልቅ ጣቢያዎች ይህን ቃል ይዘውታል፣ ፈላጊውም ምን እንደሚፈልግ ገና አልለየም። አክስቴ ጋር ግን ሌላው የማይጽፈው ነገር አለ፦ ስልጆ፣ የሽምብራ አሳ፣ የሱፍ ፍትፍት። የስልጆ አሠራርን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ይሆናል፤ የሚፈልገውን ግን አጥብቆ ያውቃል፣ መልሱን ካገኘ እስከ መጨረሻው ያነባል። ጀማሪ ጦማር መነሻው እዚህ ነው። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ይብላላል። እስኪብላላ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በደጋና በቆላ ለምን እንደሚለያይ፣ ሻጋታ ቢያወጣ ምን እንደሚደረግ አክስቴ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ይህ በጽሑፍ ሲቀመጥ ለፍለጋም ብቻ አይደለም፤ የሚያውቁት እናቶች እያለፉ ነው።

የካቲት 5

ከአዲሶቹ ገጾች አንዳንዶቹ «ተነቧል፣ ገና አልተመዘገበም» የሚል ምልክት ይዘዋል። ይህ ለአዲስ ጣቢያ የተለመደ ነው፤ ጉግል ያነበበውን ሁሉ አይመዘግብም። ደጋግሞ የምዝገባ ጥያቄ መላክ አያፋጥነውም። እኔ ያደረግኩት ሁለት ነገር ነው። ስለ በርበሬ የተጻፉ ሦስት አጫጭር ገጾች እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ስለነበር ወደ አንድ ሙሉ ገጽ አዋሐድኳቸው፣ የአሮጌዎቹንም አድራሻ ወደ አዲሱ መራሁ። ከዚያ ገጾቹን አገናኘኋቸው፤ ድፎ ዳቦው ላይ «እርሾ» የሚለው ቃል ወደ እርሾ አዘገጃጀት ይወስዳል፣ የሽምብራ አሳውም ወደ በርበሬው። ሊንኩ «እዚህ ይጫኑ» በሚል ቃል ላይ አይቀመጥም፤ የሚወስድበትን ነገር በሚጠራው ቃል ላይ ነው የሚቀመጠው። ማንም ሊንክ ያላደረገለት ገጽ መንገድ እንደሌለው መንደር ነው፤ ሮቦቱም አንባቢውም ዘግይተው ይደርሱበታል።

መጋቢት 2

አንድ ሰው በኢሜይል ሊንክ ሊሸጥልን ጠየቀ፤ በብዙ ጣቢያዎች ላይ ያስቀምጥልናል፣ በአጭር ጊዜ አንደኛ እንወጣለን። አክስቴ ዋጋውን ሲሰሙ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ልጄ?» አሉ። መልሴ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ጉግል ሲመሠረት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ከስታንፎርድ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ሊንክን እንደ ምስክርነት መቁጠር ነበር፤ ምስክር በገንዘብ ሲገዛ ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ብዙ ወርደዋል፤ ዛሬም የተገዛ ሊንክ ከመመሪያው ውጭ ነው። ኢሜይሉ ሳይመለስ ቀረ።

እውነተኛ ሊንክ የመጣው ሳንጠብቀው ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ የማኅበረሰብ ድረ ገጽ ለጾሙ የሱፍ ፍትፍቱን ገጽ ለአባላቱ ጠቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ሱፍ ምትክ የሚጠይቁ አዳዲስ ቃላት ኮንሶሉ ላይ ታዩ፤ መልሳቸውን ገጹ ላይ ጨመርኩ።

መጋቢት 20

የምግብ አሠራር ገጽ ከሌላው የሚለይበት አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉግል፣ ቢንግና ያሁ በጋራ ያወጡት ስኪማ የተባለ የምልክት ሥርዓት የምግቡን ስም፣ ፎቶ፣ የዝግጅትና የማብሰያ ጊዜ ሮቦቱ በቀጥታ እንዲረዳው ያደርጋል። በነጻ ተጨማሪ ፕሮግራም ገብቷል። አክስቴ ያላበሰሉበትን ሰዓት፣ ሰው ያልሰጠውን ኮከብ መሙላት አይፈቀድም፤ በምልክቱ የሚጻፈው ገጹ ላይ አንባቢው የሚያየው ብቻ ነው።

ሚያዝያ 3

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ድፎ ዳቦ በኮንሶሉ ዝርዝር ላይ እየወጣ ነው፤ «ድፎ ዳቦ በኦቭን» የሚለው ንዑስ ርዕስ ከዋናው ርዕስ ይልቅ ብዙ ሰው እያመጣ ነው። ለዶሮ ወጥ ግን ገጻችን ብዙ ጊዜ ይታያል፣ የሚከፍተው ጥቂት ነው። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ርዕስና መግለጫ ነው። የእኛ ርዕስ «የዶሮ ወጥ» ብቻ ይላል፤ ከጎኑ ያሉት ሁሉ እንዲሁ ይላሉ። ኮንሶሉ ላይ ሰዎች የሚጠይቁት ሽንኩርቱ እስከ ምን እንደሚቁላላና ዶሮው እንዴት 12 ብልት እንደሚሆን ነው። አክስቴ የ12ቱን ብልት አወጣጥ ዛሬ ማታ ያሳዩኛል፤ የአክስቴ ልጅ ብልት በብልት ፎቶ ያነሣል፣ የየብልቱ ስም ከፎቶው ሥር ይተየባል። ርዕሱ «ዶሮ ወጥ ከብልት አወጣጡ እስከ ቁሌቱ» ይሆናል፤ አድራሻው እንዳለ ይቆያል። ገጹ ነገ ጠዋት ይታደሳል፣ ለውጡን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ኮንሶሉ ላይ አያለሁ።